ከቡርጎስ የመጣው ድምፅ

ሎስ መስኪቴስ፣ ቴክሳስ
ኦገስት 4 ቀን 2022

ለተከበሩ አክስቴ ለእማሆይ አምፓሮ፣

እዚያ ስፔን፣ ከገዳሙ ግንብ ውስጥ ሆነው ለሁላችንም የሚጸልዩ አክስቴ፣ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ መከረኛ የለውዝ ኬክስ አሁንም ለእርስዎ ነው የተተወው? እኛ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። ዝናብ የሚባል ነገር ጠፍቷል። አባቴ የቁልቋሉን እሾህ በእሳት እየለበለበ ለላሞቹ ያበላል፤ ላሞቹም እሳቱ ሲነድ በሰሙ ቁጥር ጭራቸውን ቀስረው ወደ እሱ ይሮጣሉ።

ከጻፉልኝ ዓመት አልፏል። ነገር ሲሸፋፈን እንደማይወዱ ስለማውቅ ፊት ለፊት ልበለው። ግሬጎሪዮን ፈትቼ፣ ያለ ቁርባን፣ በዳኛ ፊት ኤፍራይንን ካገባሁ ወዲህ ከእርስዎ አንዲት መስመር አልደረሰችኝም። አልተቀየምኩም። እሺ ይሄ ውሸት ነው፤ ተቀይሜያለሁ።

ዛሬ የምጽፈው ግን በሌላ ጉዳይ ነው። ለወረዳችን ምክር ቤት እየተወዳደርኩ ነው። ይሳቁ፣ አባቴም ስቋል። በኖቬምበር፣ በፕሬዚዳንቱ ዘመን አጋማሽ ላይ የሚደረገው ምርጫ አለ፤ መላው ቴክሳስ የሚያወራው ስለ አገረ ገዢውና ስለ ዋሽንግተን ወንበሮች ነው። እኔ የምፈልጋት ትንሿን የኛን ወንበር ነው። ዝናብ ሲጥል የትምህርት ቤት አውቶቡሴን የማላስገባባቸው ሰፈሮች አሉ፤ ልጆቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በጭቃው ይወጣሉ። የጎርፍ ቦይ ይቆፈርላቸው ብዬ ስጮህ ሰሚ አጣሁ፤ ስለዚህ እኔው ልግባ አልኩ።

እርስዎ ትተውት የሄዱት አገር ግን ተለውጧል። ድሮ እዚህ ወንዝ ዳር የኛ ዴሞክራቶች የአጥር እንጨት ቢያቆሙ ይመረጥ ነበር። አሁን ግማሹ ሰፈር ወደ ሪፐብሊካን ዞሯል። ወንድሜ ቶማስ እንኳ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሥራ ከያዘ ወዲህ የነሱን የምርጫ ሰሌዳ እዚሁ አጠገቤ ግቢው ላይ ተክሏል። የኔ ሰሌዳ ከአጥሩ ወዲህ ነው። አባቴ ማታ ማታ ወንበሩን መሃል ላይ አውጥቶ ለሁለታችንም ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ተፎካካሪዬ ሌአንድሮ ጋርሳ ነው፤ ያ የጎማ ነጋዴው ልጅ፣ ሲስቅ ጥርሱን የሚቆጥርልዎት።

እና አንድ ነገር ልለምንዎ። የመቁጠሪያ ማኅበሩ ሴቶች በኔ ነገር አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ "ፈት" ይሉኛል። ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉልኝ፤ ኤልቪራ ልጄ ናት፣ ከጎኗ ነኝ ይበሉልኝ። እርስዎን ያምናሉ።

እጅዎን የምትስመው
ኤልቪራ

ቡርጎስ፣ ስፔን
ኦገስት 27 ቀን 2022

ለወንድሜ ልጅ ለኤልቪራ፣

ጌታ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን፤ አውቶቡስ ስትነጂ ደግሞ ከጎንሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ ገዳማችን ደግሞ ከደረጃ ሌላ ነገር የለውም። ኬኩን አሁንም የምጋግረው እኔ ነኝ። እህት ቤኒታ ስኳር ስለምታበዛ አላምናትም።

ስላልጻፍኩልሽ ተቀይመሻል። ጀምሬ የተውኳቸው ደብዳቤዎች አሉ። ስለ ጋብቻ የማምነውን ታውቂያለሽ፤ አልዋሽሽም። ምን ልበል ብዬ አስቤ ስላጣሁት ዝም አልኩ፤ እዚህ ቤት ዝም ማለት ይቀናናል። ለአንቺ ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን ግን የለም።

የጠየቅሽኝን ማድረግ አልችልም። የመነኩሴ ጽሕፈት ለቅስቀሳ አይውልም። ዛሬ እኔ ብጽፍልሽ ነገ ሌአንድሮ አንድ ጳጳስ ፈልጎ ያስጽፋል፤ የነዚያ ሴቶች ጭንቅላትም ማረፊያ ያጣል። አንቺው በር እያንኳኳሽ አነጋግሪያቸው። እናቴ ኤውላሊያ ነፍሷን ይማርና፣ የምርጫ ዕለት የሰፈሩን አሮጊቶች በፒካፑ ጭና ስትሄድ ከአንዳቸው ቤት እንኳ ሳትበላ አትወጣም ነበር። ብትወፍሪም ምረጡኝ ለማለት ሌላ መንገድ አላውቅም።

ለወንድሜ ወንበሩን ጥላ ውስጥ ያድርግ በይልኝ። የቤትሽን ሰዎች ሰላም በይ።

አክስትሽ
አምፓሮ

ሎስ መስኪቴስ
ሴፕቴምበር 8 ቀን 2022

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ብዙ ነው፤ ቁጣዬም ትንሽ አለበት።

"የቤትሽን ሰዎች" አሉኝ። ቤቴ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው። በያጅ ነው፣ እጁ ሁሉ የእሳት ጠባሳ ነው፣ እርስዎ የላኩትን ደብዳቤ ከፖስታ ቤት ያመጣልኝም እሱ ነው። ስሙን ያውቁታል።

የደብዳቤውን ነገር ትቼዋለሁ፤ ልክ ነዎት። ግን ባለፈው እሁድ ሌአንድሮ በሬ አርዶ፣ ሙዚቀኛ ጠርቶ፣ ሰፈሩን ሁሉ ጋበዘ። ቶማስም ሄዷል፤ ሥጋ ካለ ቶማስ የት ይቀራል! ሌአንድሮ ማይክ ይዞ ምን አለ መሰለዎት? "እኔ ቤተሰቤ ሁሉ ከኋላዬ ነው። እስኪ ኤልቪራን ጠይቋት፣ መነኩሲት አክስቷ የት አለች?" ሰው ሳቀ። ቶማስ ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ አሉኝ። እሱ ግን ሊነግረኝ አልፈለገም፤ የነገረችኝ ሚስቱ ናት።

ስለዚህ ልመናዬን ቀይሬያለሁ። እርስዎ ዛሬም የዚህ ወረዳ ሰው ነዎት። ውጭ አገር ያለ ዜጋ በፖስታ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ማመልከቻውን አብሬ ልኬያለሁ። በአንድ ድምፅ አሸንፋለሁ ብዬ አይምሰልዎ። ከጎኔ መሆንዎን ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ለሌላ ለማንም ማሳየት አልፈልግም። እኔ ልወቀው፣ ይበቃኛል።

ኤልቪራ

ቡርጎስ
ኦክቶበር 14 ቀን 2022

ለኤልቪራ፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን።

ማመልከቻሽ እመ ምኔቷን፣ እህት ቤኒታንና እኔን አንድ ሙሉ ከሰዓት አስቀምጦናል። አንዱ ጥያቄ "ወደ አገርዎ የመመለስ ሐሳብ አለዎት?" ይላል። የለኝም ካልኩ የዋሽንግተኖቹን ብቻ ነው የምመርጠው፤ የወረዳውን አይሰጡኝም። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። ከዚህ ግንብ እስክሞት እንዳልወጣ ቃል የገባሁ ሰው ነኝ። እመ ምኔቷ "እግዚአብሔር ምን እንዳሰበ አንቺ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። "እንግዲያው አለኝ በይ" አለች። አልኩ። ሐሳቡማ፣ ልጄ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። የአገራችን የመስኪት እንጨት ጭስ ይሸተኛል።

የድምፅ መስጫ ወረቀቱ መጣ፤ ሞልቼ ልኬዋለሁ። ምን እንዳደረግኩ አልነግርሽም። እናቴ ድምፅ ለባልም አይነገር ትል ነበር፤ ለአባቴም ነግራው አታውቅም፤ ምንም እንኳ እሱ ቢያውቅም።

አንድ ነገር እወቂ። ከገና በፊት ባሉት የጾም ሳምንታት አንጽፍም፤ የሚመጣልንንም አናነብም። የምትልኪው ሁሉ እመ ምኔቷ ጋ ተቀምጦ ይቆየኛል። ዝም ካልኩ ስለዚያ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ።

አምፓሮ

ሎስ መስኪቴስ
ኖቬምበር 21 ቀን 2022

ለእማሆይ አምፓሮ፣

እንደምን ሰነበቱ። እኔ ተሸነፍኩ።

በዐሥራ አንድ ድምፅ ነው። ከላይ ያሉት የኛ ሰዎች ወረዳችንን አሁንም ይዘዋል፤ ግን በአያቴ ዘመን በሺዎች የነበረው ልዩነት ዛሬ በመቶዎች ሆኗል። ወጣቱ ከቤቱ አልወጣም። የነዳጅ ሠራተኛው፣ የድንበር ጠባቂው፣ አዲሱ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም ወደዚያኛው ሄዷል። በቴሌቪዥን የካርታ ባለሙያዎቹ ወንዝ ዳሩን በቀለም እየቀቡ "አዝማሚያው" ይላሉ። እኔ እያንዳንዱን አዝማሚያ በስሙ አውቀዋለሁ፤ አንዱ ቶማስ ነው፣ አንዱ ክርስትና ያነሳሁት ልጅ ነው።

ሽንፈቱን እችለዋለሁ። የማልችለውን ልንገርዎ።

በምርጫው ማታ ከተቆጠረው በኋላ ለኔ ሰፈር የቀረው ከውጭ አገር የሚመጣ አንድ ፖስታ ብቻ ነበር። የማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም፤ ከዚህ ሰፈር ባሕር ማዶ ያለ ሌላ ሰው የለንም። የመጨረሻው ውጤት በር ላይ ሲለጠፍ ሄጄ አየሁት። የመራጩ ብዛት በአንድ ጨምሯል። የኔ ቁጥር እንዳለ ነው። የሌአንድሮም እንዳለ ነው። ባዶ ትተውታል።

ለእሱ ቢሰጡት በተሻለኝ። ቢያንስ ቦይ አያስፈልግም ብለው ነው እል ነበር። ባዶ ግን እኔን ለይቶ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ ፖስታ ሰጥተውኝ ነበር፤ ይሄኛው ቴምብር አለበት።

አሁን ፀጉር ቤት ሁሉ ያውቀዋል። "መነኩሲቷ እንኳ ዘለለቻት" ይላሉ። ኤፍራይን አንዱን ሊመታ ነበር፤ ያዝኩት።

ከእንግዲህ ምንም አልለምንዎትም።

ኤልቪራ

ሎስ መስኪቴስ
ዲሴምበር 9 ቀን 2022

አክስቴ፣

ይሄን መጀመሪያ ያንብቡት፤ ያኛውን ካገኙት ይቅደዱት።

ዛሬ የገናውን ታማሌ ልንሠራ የቤተሰባችን ሴቶች ሁሉ እኛ ቤት ነበሩ። የበቆሎውን ቅጠል ሊጥ እየቀባሁ ያን ደብዳቤ መላኬን ነገርኳቸው። ሥጋውን ይከትፍ የነበረው ኤፍራይን ቢላዋውን አስቀመጠና፣ "ሴትዮዋ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ግንብ ውስጥ ናቸው። መልስ እንኳ በማይሰጡበት ወር ነው የሰደብሻቸው?" አለኝ። ሰው ፊት! ሌላ ጊዜ ቢሆን በሊጡ እጄ እመታው ነበር። ዛሬ ግን ልክ ነበራ።

የፈለጉትን የመምረጥ፣ ያልፈለጉትን የመተው መብት አለዎት። እወድዎታለሁ። ገናዎ ብሩህ ይሁን።

ኤልቪራ

ቡርጎስ
ጃንዋሪ 3 ቀን 2023

ለምወድሽ ለኤልቪራ፣

የተወለደው ሕፃን ቤትሽን በሰላም ይሙላው።

ሁለቱን ደብዳቤዎች በገና ማግስት አንድ ላይ ሰጡኝ። ሁለተኛውን ያስቀድሙ ብለሻል፤ ይህን ያወቅኩት ግን ሁለተኛውን ስከፍት ነው፣ እኔ ደግሞ በቀናቸው ቅደም ተከተል ነበር ያነበብኳቸው። ያ ሰው የመከረሽ ልክ ነው። አንቺም ብትቆጪ አይፈረድብሽም።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ባዶ ትያለሽ። እንዴት ባዶ ይሆናል?

የሆነውን ልንገርሽ፣ እናቴም ካለችበት ይቅር ትበለኝ። ኬኩ እስኪበስል ወረቀቱን ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ከወረቀቱ አናት ላይ፣ ከኛ ፓርቲ ዕጩ ስም አጠገብ ያለውን ሣጥን ሞልቼ አጠቆርኩ። ሰውየውን አላውቀውም፤ ግን እናቴ አሮጊቶቹን ከፒካፑ ስታወርድ ለእያንዳንዷ የምትላት ይህንኑ ነበር፦ "ላይኛውን አንዴ አጥቁሪና ውጪ፤ የታችኞቹ ሁሉ ይከተሉታል። ሁለተኛ የነካች ወረቀቱን ታበላሻለች።"

ከዚያ ስምሽን ፈለግኩ። ከጀርባው ገጽ፣ ግርጌ አጠገብ አገኘሁት። ኤልቪራ ካንቱ ይላል። የአባቴ ስም እዚያ ታትሞ ሳየው አለቀስኩ። እህት ቤኒታ ኬኩ የተቃጠለ መስሏት እየሮጠች መጣች። ጣቴን ስምሽ ላይ አድርጌ ባረክሁት። በእስክሪብቶ ግን አልነካሁትም፤ እንዳላበላሽብሽ ፈርቼ።

እና ለአንቺ ሰጥቻለሁ። ያስቀረው ማን ነው?

አክስትሽ
አምፓሮ

ሎስ መስኪቴስ
ጃንዋሪ 19 ቀን 2023

የኔ እናት፣ የኔ አክስት፣

ደብዳቤዎን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሳቅኩ፣ ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ እንደገና ሳቅኩ። አንዲት ሴትዮ መስኮቱን አንኳኩታ "ሰው ሞተብሽ?" አለችኝ።

ማንም አላስቀረብዎትም። አንዴ አጥቁሮ መውጣት ቀርቷል። ካለፈው የፕሬዚዳንት ምርጫ በፊት በሕግ ተነሣ፤ ይሄ ደግሞ ያለሱ ያካሄድነው የመጀመሪያው የአጋማሽ ምርጫ ነው። አሁን እያንዳንዱን ወንበር ለየብቻ ማጥቆር አለብዎት። ላይኛውን ካጠቆሩ የቆጠሩት ላይኛውን ብቻ ነው፤ እኔ ጋ አልደረሰም።

ይስሙኝማ! ምርጫው እስኪደርስ ወራቱን ሙሉ በር ለበር እየዞርኩ ለሽማግሌዎቹ የምሰብከው ይሄንኑ ነበር። "ዶን ናሳርዮ፣ እስከ ታች ይውረዱ፣ ገጹን ይገልብጡ" እላለሁ። "እሺ ልጄ" ይሉኛል። ወጥተው "እንዴት ነበር?" ስላቸው "አያትሽ እንዳስተማረችን፣ አንዴ አጥቁሬ ወጣሁ!" ብለው ይመርቁኛል። በሰፈራችን ታች ባዶ የተተወው ወረቀት ካሸነፈኝ ቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሁሉንም አውቄ የእርስዎን አላወቅኩም። ቂሜ ዓይኔን ጋርዶኝ ነው።

አሁን ደግሞ ቶማስን ይስሙ። ደብዳቤዎን ይዤ አጥሩን ተሻግሬ ሄጄ አነበብኩለት። በሳቅ ፈረሰ። "እና አክስቴ ለዚያ ለማታውቀው ሰውዬ ብቻ ሰጥታ ቁጭ አለች!" አለ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ "እኔ እንኳ ሰጥቼሻለሁ" አለኝ።

"ምን ሰጠኸኝ? ሰሌዳህ ይኸውና!"

"ሰሌዳው የላይኞቹ ነው። ከላይ ለነሱ፣ ከታች ላንቺ። አሁን ለየብቻ ነው አይደል የሚጠቆረው? ድሮ ቢሆን ወይ እነሱን ወይ አንቺን ነበር።"

"ለምን ሳትነግረኝ?"

"አያቴ ለሰው አይነገርም ትል አልነበር!"

ከአጥሩ ወዲያ አቅፌው ቆምኩ። አባቴ ከወንበሩ ዞሮ፣ "ምርጫው አላለቀም እንዴ?" አለን።

አክስቴ፣ ይሄን ለሰው ላውራው? ፀጉር ቤት ያሉት አሁንም እርስዎ የዘለሉኝ ይመስላቸዋል። ሳይፈቅዱልኝ አላወራም፤ ይስቁብዎታል ብዬ እፈራለሁ። ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና እወዳደራለሁ። ቦዩ አልተቆፈረማ።

ልጅዎ
ኤልቪራ

ቡርጎስ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023

ለልጄ ለኤልቪራ፣

ይህ ደብዳቤ ደስታን ይዞልሽ ይምጣ፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነውና ከእንግዲህ እስከ ፋሲካ ሌላ አይመጣልሽም።

ለሁሉም አውሪው። ፀጉር ቤት፣ የመቁጠሪያ ማኅበር፣ ለሌአንድሮም ጭምር። ይሳቁ፤ እኛ እዚህ በምግብ ሰዓት ደብዳቤሽ ሲነበብ ሳቅ ስላሸነፈን እመ ምኔቷ ንባቡን አስቁማለች። እህት ቤኒታ ከዚያ ወዲህ ኬክ ባወጣሁ ቁጥር "እማሆይ፣ ላይኛውን ብቻ ነው ወይስ የታችኞቹንም?" ትለኛለች።

የዛሬ አራት ዓመት ብኖር ወረቀቱን አስልኪልኝ። እነዚያን ትላልቅ ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ አልፌ እወርዳለሁ፤ ገጹን እገለብጣለሁ፤ አንቺ ጋ ሳልደርስ እስክሪብቶ አላስቀምጥም። ቶማስንም ሳሚልኝ። እናቴ ብትኖር በእሱ ግማሽ ቀን ትቆጣና ቀሪውን ግማሽ ቀን ትኮራበት ነበር።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ብዙ አሰብኩ። እዚህ ግንብ ውስጥ ሆኜ የሠራሁት ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ላይኛውን አጥብቄ ይዤ የታችኛው በራሱ ይከተላል ብዬ ተቀመጥኩ። የማምነውን አልተውኩም። አንቺ ጋ መድረስ ግን የኔ ፋንታ ነበር።

በገዳማችን ጾም ሲገባ እያንዳንዷ እህት የምታስባቸውን ሰዎች ስም ታስጽፋለች፤ እስከ ፋሲካ በየዕለቱ በሠርክ ጸሎት ጮክ ተብሎ ይነበባል። የባልና የሚስት ስም ተለያይቶ አይነበብም፤ ደንቡ ነው። እስከ ዛሬ አንቺን ለብቻሽ ሳስጽፍ ኖሬያለሁ። ትናንት የምትጽፈው እህት "ኤልቪራ" ብላ ወደሚቀጥለው ልታልፍ ስትል "ቆይ፣ አልጨረስኩም" አልኳት፤ ኤልቪራና ኤፍራይን ብላ ጻፈች።

አክስትሽ
አምፓሮ